የእትዬ ሮስተር ባዶ ወንበር

እትዬ ሮስተር ይህ ስም የወጣላቸው ሮስተሩ፣ ማለትም የውጤት መዝገቡ፣ ከብብታቸው ስለማይለይ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዕጩ መምህራንን ሲያሠለጥኑ አንዲት ደንብ ነበረቻቸው፤ በተማሪ ካርድ ላይ የሚሰፍር አስተያየት፣ ወላጅ የተቀመጠበት ይመስል፣ በባዶ ወንበር ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። «ፊት ለፊት የማትናገሩትን በካርድ አትላኩ» ይሉ ነበር።

በዚያን ዕለት ረፋድ ላይ ተራው የደረሳት አንዲት ዓይን አፋር ዕጩ መምህርት ነበረች። ካርዶቹ ከምሳ በፊት ይታደላሉ። የእርሷም የማስተማር ልምምድ ውጤት ተሞልቶ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ በእትዬ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። የልምምድ ውጤት የሚሰጠው በቁጥር ሳይሆን በቃል ነው፤ ከ«ጥሩ» በታች ያገኘ ዓመቱን ይደግማል።

ዕጩዋ ቆማ የአንዲት ተማሪዋን ካርድ አነበበች፤ «ሒሳብ፣ ከአሥር አምስት። መካከለኛ ናት፤ ትጋት ይጎድላታል።»

እትዬ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። «እኔ እናቷ ነኝ። አምስቱ ከየት መጣ፣ የኔ ልጅ?»

«አራት ፈተና ደምሬ ለአራት አካፍዬ ነዋ! ሁለት፣ ሦስት፣ ሰባት፣ ስምንት።»

«እና ይቺ ወደ ላይ የምትወጣ ልጅ ናት ትጋት የጎደላት? ወይስ አካፋይዋ?»

ዕጩዋ እንደ ማፈርም እንደ መሳቅም አለች። «ቁጥሩስ እትዬ?»

«ቁጥሩ የደንቡ ነው፤ ቃሉ ያንቺ ነው።»

አዲስ ካርድ ስባ ጻፈች፤ «መጀመሪያ ማካፈል ያስቸግራት ነበር፤ አሁን ለጓደኞቿም ታስረዳለች። ርዝመትና ክብደት መለካት ላይ ቤት ውስጥ ያግዟት።» እትዬ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅቷ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና... የኔንስ ያነቡልኛል?»

እትዬ ክው አሉ። በሠላሳ አንድ ዓመት ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። የልጅቷ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ትዝ አሏቸው፤ ጠመኔው እጇ ላይ ሲሰበር፣ ፊቷን ለሰሌዳው ሰጥታ ስታወራ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ግን ደወል ተደውሎም ልጆቹ አልለቋትም። እርሳቸውም አራቱን ደምረው ለአራት አካፍለው ነበር።

ከወንበሩ ተነሡ። «ተቀመጪ» አሏት። ፖስታውን ቀደዱና ቅጹን ከፍ አድርገው ያዙ፤ «መካከ...» ብለው ቅጹን ዝቅ አደረጉት።

«ምን አሉኝ እትዬ?»

«ምንም አላልኩ። ገና አልጻፍኩም። እስክሪብቶሽን ወዲህ በይ» አሉና ቆመው አዲስ ቅጽ መሙላት ጀመሩ።