ከዱባይ የመጣችው ብልቃጥ

ወይዘሮ ሲቲ ሶዶ ገበያ ያለውን የጨርቅ ሱቃቸውን በከፈቱ ቁጥር፣ በሌባ ጣታቸው የግራ ዓይናቸውን ቆብ ቀና ያደርጋሉ። አሁን ባያስፈልግም ጣት ልማዱን አይተውም።

አምና ግን ያስፈልግ ነበር። ጠዋት ደህና የነበረው ቆብ፣ ከሰዓት የቦዲቲ ነጋዴዎች ሲመጡ ይወርዳል፤ ክንዳቸውም ጣቃ ማንሳት ያቅተዋል።

"እትዬ ሲቲ፣ እየጠቀሱኝ ነው?" ይላል ደንበኛቸው በኃይሉ።

"አንተን ከምጠቅስ ሁለቱም ይከደኑ!"

ሳቃቸው ግን ከአንገት በላይ ነበር። የወንድማቸው ልጅ አንዋር ከስልኩ አንብቦ፣ "አክስቴ፣ ይሄ የማይቶኮንድሪያ ሕመም ነው። የሰውነት ኃይል ማመንጫው ሲደክም የሚመጣ። ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል" ካላቸው ወዲህ፣ የልጃቸውን የዱንያን ዓይን ሰርቀው ማየት ሆነ ሥራቸው።

አንዋር ከዱባይ ብልቃጥ አስመጣ። "የማይቶኮንድሪያ ፔፕታይድ ነው፤ በመርፌ ይወሰዳል።"

ወይዘሮ ሲቲ የባዳ ጣቃ ሳይዘረጉ፣ ክሩን ሳይመዙ አይረከቡም። የዘመድ ዕቃ ግን አይፈተሽም፤ መፈተሽ ስድብ ነው። ብልቃጧን ይዘው ዶክተር ሐብተማርያም ዘንድ ሄዱ። "ውጉኝ" አሉ።

ዶክተሩ አገላበጧት። "ማን ሠራት?"

"የወንድሜ ልጅ ነው ያመጣት።"

"ማን አመጣት አላልኩም፣ እናቴ!" ሳቁ። "የማይቶኮንድሪያ ፔፕታይድ የሚሉት፣ ማይቶኮንድሪያችን ራሱ የሚያሠራቸው ጥቃቅን ፕሮቲኖች ናቸው። ለስኳር፣ ለልብ፣ ለእርጅና ይረዱ እንደሆነ ገና እየተጠና ነው። እዚህ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ግን እኔም አላውቅ፣ አንዋርም አያውቅ።"

ከዚያ በረዶ በጓንት አድርገው የወረደው ቆብ ላይ አስያዟቸው። በረዶው ሲነሳ ዓይናቸው ወለል ብሎ ተከፈተ።

"ቅዝቃዜ ከከፈተው፣ ይሄ ማያስቴኒያ ይመስላል። ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበት ቦታ ላይ የሚመጣ ሕመም ነው፤ መድኃኒት አለው።"

"ልጄስ?"

"እንዲያ ከእናት ወደ ልጅ የሚወረስ አይደለም።"

አዲስ አበባ የተላከው የደም ምርመራም ይህንኑ አረጋገጠ። "አልሐምዱሊላህ!" ብለው ሱቃቸው ውስጥ ቁጭ አሉና፣ ያን ሁሉ ወር የያዙትን ትንፋሽ ለቀቁት።

ታሪካቸውን ሲያጫውቱኝ "አደራ፣ ይቺን እንዳትጽፊያት" ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያ የጭንቅ ወራት፣ ዱንያ የምትወደው ቢላል የላካቸውን ሽማግሌዎች "ልጄ ገና አልደረሰችም" ብለው መልሰዋቸው ነበር። የደሙ ውጤት በመጣ ማግስት፣ ለሴት ልጅ እናት ነውር መሆኑን እያወቁ፣ ለሽማግሌዎቹ ራሳቸው ደወሉ።

"ደርሳለች" አሉ።