ለበቅሎ ቀረጥ የተጠራ ዋስ

በጃንሆይ ጊዜ ለእኛ ለስማዳ ሰዎች መኪናችን በቅሎ ነበረች። ሙሽራውም፣ ቄሱም፣ ዳኛውም የሚሄደው በእሷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወገዳ ገበያ የበቅሎው ተራ ሲሞቅ ዛሬም ይታየኛል፤ አንዱ ጥርሷን ያያል፣ አንዱ ሰኮናዋን ያነሳል፣ ሌላው ሳይገዛ ያማርራል። ያ ሁካታ ይናፍቀኛል።

አንድ ቅዳሜ የወረዳው ገዥ በቀረጥ ተቀባያቸው በኩል አዋጅ አስነገሩ። ከእንግዲህ በቅሎ የሸጠ ሁሉ ቀረጥ ይከፍላል፤ ገንዘቡም ከሌላው ሳይቀላቀል፣ ወደ ንፋስ መውጫ የሚወስደውን ዳገት ለማስጠረግ ብቻ ይውላል። ሐሳቡን ማንም አልጠላውም። በዚያ ዳገት ስንት ጭነት ገደል ገብቷል፣ ስንት በሽተኛ ቃሬዛ ላይ እንዳለ ቀርቷል።

ገበያተኛው ግን ዋስ ጠየቀ። በአገራችን ሻጭ ያለ ዋስ በቅሎ አይሸጥም፤ የተሰረቀች ሆና ብትገኝ ተጠያቂው ዋሱ ነው። መንግሥትም ገንዘቡ ለዳገቱ እንዲውል እንደ ማንኛውም ሻጭ ዋስ ይጥራ ተባለ። ቀረጥ ተቀባዩ ከት ብሎ ሳቀ፤ አብሮት የሳቀ አልነበረም። ዕድሜውን በበቅሎ ንግድ የፈጀው አባቴ ይኼኔ ከመሀል ወጥቶ ዋስ እሆናለሁ አለ። ሰውም አምኖት ከፈለ።

በጋው መጥቶ ሄደ፤ ከዳገቱ አንድ ድንጋይ አልተነሳም። አባቴ ገዥው ዘንድ ሄዶ ቢጠይቅ ገንዘቡ ለጽሕፈት ቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ዋለ፣ የዳገቱ ነገር ወደፊት ይታያል አሉት። ገበያተኛው አንድም ቀን አልወቀሰውም። ዝምታው ግን አባቴን እህል አስጠላው።

በሚቀጥለው በጋ አንድ ጠዋት የራሱን መቀመጫ በቅሎ ከነኮርቻዋ ወደ ገበያ ነዳት። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ሌላው የበላውን አንቱ ሊከፍሉ ነው?» አለችው።

«ዋስ ነኝ እኮ» አለ።

ሸጣት፤ የእሷንም ቀረጥ ከፈለ። የቀረውን ለቆፋሪዎች አደረገውና እሱም ዶማ ይዞ ገባ። ብልህ ነበር ብዬ አልዋሽም፤ እኔ ብሆን ገዥው ደጅ ቆሜ እጮህ ነበር። ስንቅ የምናደርሰው እኔና እናቴ ነን። መንገዱን ሙሉ ስታማርር ትሄድና ስትደርስ ከዳቦው ወፍራሙን ለእሱ ትቆርስለታለች።

ዳገቱ ከክረምት በፊት ተጠረገ። አባቴ ሌላ በቅሎ መግዛት ስላልቻለ በዚያው ዳገት ገበያ በእግሩ መሄድ ጀመረ። በመጀመሪያው ቅዳሜ አብሬው ነበርኩ። በእኛ ወግ በበቅሎ ያለ ሰው ወርዶ ሰላም የሚለው የሚያከብረውን ነው፤ ያን ቀን ዳገቱ ላይ ያገኘን ሁሉ ለአባቴ ወረደ። በመጨረሻ ገዥው ከነአሽከሮቻቸው መጡ። ሰው ሁሉ ልጓም ይዞ መቆሙን አይተው ጥቂት አመነቱና እሳቸውም አንድ እግራቸውን ከእርካቡ አወጡ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። «አይውረዱ ጌታዬ» አላቸው። «መንገዱ ደህና ነው፤ እንደተቀመጡ ይለፉ።»