በማኅበር የታደለ ክኒን

ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ የግል መድኃኒት ቤት በድራጊስትነት በተቀጠርኩበት ዕለት ኃላፊዬ አቶ ሙላት አንድ ብልቃጥ አስያዙኝና «አንብቢ» አሉኝ። ገና ከኮሌጅ መውጣቴ ስለነበር ስሙንና መጠኑን ጮክ ብዬ አነበብኩ። «ፊቱን የጻፈው ነጋዴው ነው። አዙሪና ጀርባውን አንብቢ» አሉ። ጀርባው ላይ ማን መውሰድ እንደሌለበት ቁንጫ በምታህል ፊደል ተዘርዝሯል። ያን ቀን የዋልኩት የብልቃጥ ጀርባ ሳነብ ነው።

በተፈጥሮዬም ተጠራጣሪ ነኝ። ባለቤቴ «አንቺ እኮ ጠበሉንም ማን ቀዳው ሳትዪ አትጠጪም» ይለኛል። ሥራው ደግሞ አባሰብኝ። ለበሬው ከታዘዘው የተረፈ መርፌ ይዞ «ለኔስ ወገብ አይሆንም?» ያለኝን ገበሬ ከነመርፌው መልሼዋለሁ።

ከደንበኞቼ መካከል በጋፋት በኩል የሚኖሩ እትዬ ደብሬ የሚባሉ እናት ነበሩ። ባሕር ዳር ጡታቸውን ታክመው ካንሰሩ እንዳይመለስ በየቀኑ ክኒን ይውጣሉ። ይህን የምናውቀው ሐኪማቸው፣ የነፍስ አባታቸውና እኔ ብቻ ነን። ጎረቤት ሲጠይቃቸው «የጨጓራ ነው» ይላሉ። እኔም ክኒኑን ስሙ ባልተጻፈበት ፖስታ እሰጣቸዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ክኒናቸውን ሊወስዱ መጥተው «ዘንድሮስ ሌላም ጀምሬያለሁ፤ ጉልበት ይሰጣል አሉ» ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ከቋጠሮው ስድስት ነጭ እንክብሎች ወጡ። ስም የለ፣ ብልቃጥ የለ።

«ከየት ያገኙት ነው?»

«የማርያም ማኅበር ዕለት እትዬ ሙሉ አደለችን። ልጇ ከዓረብ አገር ያመጣችላት ነው። ማኅበርተኛ እያለ ብቻዋን ልትበላው ነው እንዴ?»

ቁጭ ብለው እንዲጠብቁኝ ነግሬ መንገዱን ተሻገርኩ። የእትዬ ሙሉ ልጅ ብርቱካን ዓረብ አገር ሠርታ ተመልሳ ከፊት ለፊታችን የልብስ ሱቅ ከፍታለች። ብልቃጡን አሳዪኝ ብዬ ተቀብዬ አዞርኩት።

ሆርሞን ነው። ከኩላሊት በላይ ያሉ ዕጢዎች ራሳቸው የሚያመርቱት፣ ዕድሜ ሲገፋ የሚቀንስ። ሻጮቹ የቀነሰውን ብንመልስ ወጣትነትም ይመለሳል ይላሉ። ለዚህ አሳማኝ ማስረጃ አላየሁም። የማውቀው ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ሴትና ወደ ወንድ ሆርሞን እንደሚለወጥ ነው። አንዳንድ የጡት ካንሰር የሚያድገው ደግሞ በሴቷ ሆርሞን ነው። ካንሰር ያመጣል ብዬ አልምልም፤ ነገሩ ገና አልተቋጨም። እንዲህ ያለ ካንሰር የነካው ሰው ግን እንዳይወስደው እዚያው ጀርባው ላይ ተጽፏል። ለብርቱካንም አነበብኩላት።

«ማዳሜ ትውጠው ነበር እኮ፤ በስልሳ ዓመቷ አርባ ነው የምትመስለው» አለች ብርቱካን።

«ማዳምሽ ስንዴ ታጭዳለች?»

መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ፊቷ ተለወጠ። «እትዬ፣ እናቴን ልገድላት ነው ያመጣሁት እያሉኝ ነው?»

መንገዱን ተሻግሬ ተመለስኩና ለእትዬ ደብሬ እንዳይውጡት ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ማኅበርተኛ የሰጠኝን አልበላም ብል ምን ሆና ነው ይባላል። አንዱ ወሬ ሌላውን ይጎትታል። በቁሜ አልቅሰው ይቀብሩኛል፣ ልጄ።»

«እንግዲያው የዋጡ ይምሰሉ።»

«በማርያም ስም የታደለውን? ዋጥሽ ወይ ሲሉኝ ልዋሽ?»

«የጨጓራውስ?»

«እሱን ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ» አሉ።

ሳቄን ዋጥኩት። ሴትዮዋ ሚስጥራቸውን ከሕይወታቸው አስበልጠው ነበር። ሚስጥሩን ሳላወጣ ክኒኑን ከእጃቸው ለማውጣት የታየኝ መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ከሁሉም መሰብሰብ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞቹ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ጡቷ ወይም ማህፀኗ ላይ ዕብጠት ያለባትን ሴት ይህ ክኒን ሊጎዳት ይችላል። ማን እንዳለበት ደግሞ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ከሁላችሁም እሰበስባለሁ» አልኩ። ዓይኔ ወደ እትዬ ደብሬ ሄዶ እንዳያጋልጣቸው ፈርቼ ስናገር ሁሉ እትዬ ሙሉን ብቻ አይ ነበር። እሳቸው የክኒኑ ባለቤት ናቸው፣ ቢታዩ ማንም አይገረምም ብዬ። አንዳንዷ ከነጠላዋ ፈትታ ሰጠችኝ፤ አንዳንዷ ከቤት አምጥታ። እትዬ ደብሬም እንደማንኛዋም ሰጡኝ።

ሰኞ ጠዋት መድኃኒት ቤቱን ስከፍት እትዬ ሙሉ በር ላይ ቆመዋል። ገብተው በሩን ራሳቸው ገፋ አደረጉት።

«ማን ነገረሽ?»

«ምኑን?»

«ያን ያህል ሴት ተቀምጦ ዓይንሽን እኔ ላይ ተክለሽ ስትናገሪ! ልጄም አታውቅም። ማን ነገረሽ?»

ምንም እንደማላውቅ ብምልም አላመኑኝም። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው እጄን ወስደው ጡታቸው ላይ አኖሩት። ዕብጠቱ ጠጣር ነበር።

«ከፋሲካ ወዲህ ነው። ጉልበት የሚሰጥ ክኒን ይሄንንም ያጠፋው ይሆናል ብዬ ሁለት ሁለቱን ስውጥ ነበር» አሉ።

አፈርኩ። ሁሉን የምጠረጥር ሰው፣ እኚህን እናት አንድ ቀን ቀርቤ ምን ይሰማዎታል አላልኳቸውም።

ያንኑ ዕለት ከብርቱካን ጋር ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፤ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ተላኩ። ካንሰር ነበር። ብርቱካን ሐኪሙን «ያመጣሁት ክኒን ነው?» ብላ ጠየቀችው። «ዕብጠቱ ከክኒኑ በፊት ነበር። አባብሶት እንደሆነ ግን ማወቅ አይቻልም» አላት። ጡታቸው ተቆርጦ ሕክምናቸውን ቀጠሉ፤ ዛሬም በሕይወት አሉ። ብርቱካን እስከ ዛሬ ያንኑ ጥያቄ ትጠይቀኛለች። እኔም ሐኪሙ ያላትን እደግምላታለሁ።

ከዚያ በኋላ እትዬ ደብሬና እትዬ ሙሉ የካንሰር ክኒናቸውን በተለያየ ቀን ከእኔ ይወስዱ ነበር። በየወሩ አንድ ማኅበር እየጠጡ አንዷ የሌላዋን አታውቅም ነበር።

በሥራው ላይ ላላችሁ የምለው ይህን ብቻ ነው። መድኃኒት ስትሰጡ ሰውን ለብቻው ጠይቁት። ሌላ ሰው እየሰማ የተጠየቀ «ደህና ነኝ» ነው የሚላችሁ።