የአባቴ ሳይክል ኮርቻ

ጎረቤቴ የዛገ የበር ማጠፊያ በነጭ ጋዝ ሲያሽ ሽታው ከጎንደር አንስቶ ወደ ልጅነቴ መተማ ወሰደኝ።

አባቴ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቋራ በረሃ እንደወረደ አልተመለሰም ነበር። ሳይክሉን ጓሮ እንደቆመ ሁለት ክረምት መታው። የኮርቻው ዘንግ በአባቴ ቁመት ልክ ዝጎ ስለተጣበቀ እግሬ ፔዳሉ ላይ አይደርስም። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነበርና እናቴ ሱዳን ብዙ ዘመን የሠሩ ሳይክል ጠጋኝ፣ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ወሰደችኝ።

«በመዶሻ ቢሉት አይወጣም?» አለች።

«ከመታሁት ይሰበራል» አሉ፣ ዘንጉ ሥር ነጭ ጋዝ ጠብ እያደረጉ። ከዚያ ኮርቻውን ግራና ቀኝ እየወዘወዙ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው «በራሃ… በራሃ…» ይሉት ጀመር።

ልቤ ዘለለ። «ጋሽ ሰይድ፣ በረሃ ውስጥ አባቴን አይተውታል?» አልኳቸው።

እጃቸው ቆመ። «በራሃ በሱዳኖች ቋንቋ ቀስ ማለት ነው፣ ልጄ» አሉኝ፣ እናቴን ላለማየት አቀርቅረው።

ከሰዓት በኋላ ዘንጉ ሲጥ ብሎ ዞረ። ጋሽ ሰይድ ላባቸውን ጠርገው፣ «በልጅቷ ቁመት ዝቅ ላድርገው?» አሉ።

ለዚሁ ነበር የመጣነው። እናቴ ግን ኮርቻውን በመዳፏ ይዛ ቆየች።

«ባለበት ያጥብቁት» አለች። «መጥቶ ዝቅ ብሎ ቢያገኘው ምን ይለናል?»

ሳይክሉን እየገፋን ተመለስን። እናቴ ዛሬም ዘንጉን ነጭ ጋዝ ትቀባዋለች። እግሬ ፔዳሉ ላይ መድረስ ከጀመረ ስንት ዘመኑ፤ ወጥቼበት ግን አላውቅም።