ልጄን አላውቃትም ያልኩ ቀን

ልጄ ሲፒኤ የሚሉትን የሂሳብ ባለሙያ ፈቃድ ስታገኝ፣ እኔ ሥራዋን መርጬ ጨርሼ ነበር። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ። ሂሳብ አዋቂ ማለት ለኔ ታክስ የሚሠራ ሰው ነው። እዚሁ አሜሪካ፣ ቅርባችን ባለችው ፒዮሪያ ከተማ ላይ ትንሽ ቢሮ ትከፍታለች፤ ያገራችን ሰው ወረቀቱን በፌስታል ይዞ ይመጣል፤ እኔም ዳውንታውን ሆቴል አልጋ ማንጠፉን ትቼ የሷን ቢሮ እጠርጋለሁ። አባቷ ካረፈ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን፤ ከዓይኔ እንድትርቅ አልፈልግም።

ይህን ስነግራት ሳቀች።

«እማ፣ እሱ አንዱ ብቻ እኮ ነው» ብላ በጣቷ ትቆጥርልኝ ጀመር። ኦዲት አለ፤ የኩባንያዎችን ሂሳብ እየዞሩ መመርመር ነው። የሆስፒታል በጀት መምራት አለ። አንድ ድርጅት ገብቶ የሂሳብ ኃላፊ እስከመሆን ማደግ አለ። ኮሌጅ ማስተማርም ይቻላል። «እኔ ግን አፕላይ ያደረግኩት የተሰረቀ ገንዘብ የት እንደገባ የሚከታተሉት ጋ ነው። የፌደራል ሥራ ነው።»

«ሌባ ልትይዢ?»

«ወረቀት ላይ፣ እማ። ኮምፒውተር ላይ።»

«ሌባውስ ወረቀት ላይ ነው የሚኖረው?»

«ኦ ማይ ጋድ» አለችና ተነስታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ስለ ሥራው ማውራት ተውን። ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ርዕስ ሲጠይቁኝ «እንዳይሳካላት ጸልዩልኝ» ማለት አፍሬ፣ «የጌታ ፈቃድ ይሁን» እል ነበር።

አንድ ጠዋት ቁርሷን ቆማ እየበላች፣ «ስለኔ የሚጠይቅ ሰው ይመጣ ይሆናል፤ ባክግራውንድ ቼክ ነው» አለችኝ። እሺ አልኳት። እኔም ሆቴሉ ሲቀጥረኝ ባክግራውንድ ቼክ ተደርጎልኛል፤ አሻራ ሰጠሁ፣ አለቀ። የሷም እንደዚያው መሰለኝ።

ሰውየው ሲመጣ ብቻዬን ነበርኩ። ያን ሰሞን የኢሚግሬሽን ሰዎች በር እያንኳኩ ሰው ይወስዳሉ እየተባለ፣ በአፓርታማችን የሚከፍት ጠፍቶ ነበር። እኛ ሲቲዝን ነን፤ ፍርሃቴ ግን ይህን አያውቅም። ጎረቤቴ መስላኝ ከፈትኩ። ሱፍ ልብስ የለበሰ ፈረንጅ ነው። ባጁን አሳየኝ፤ የልጄን ስም ከነአባቷ ጠርቶ «ያውቋታል?» አለኝ።

«ኖ» አልኩ።

«እዚህ አይደለም የምትኖረው?»

«ኖ። አላውቃትም።»

ከጀርባዬ፣ ግድግዳው ላይ፣ ጋወንና ቆብ አድርጋ የተመረቀችበት ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ሰውየው በትከሻዬ በኩል አሻግሮ አየው። ካርዱን ሰጥቶኝ፣ አመስግኖ ሄደ።

ልጄ ከሥራ ስትመለስ ካርዱን አሳየኋት።

«አላውቃትም አልሽው? እማ፣ ሲሪየስ ነሽ?»

«ባጅ ይዟል እኮ።»

«ባጅ ስለያዘ ነዋ የምትነግሪው! አሁን እናቷ ዋሽታለች፣ ምን እየደበቁ ነው ይላል።» ሶፋው ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ፈተና የወደቀች ጊዜ እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም።

«እባክሽ ደውለሽ አስረጂው፣ የኔ ልጅ።»

«አልችልም። እኔ ከደወልኩ አስጠንታት ነው ይላሉ። ራስሽ ደውዪ።»

በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ደወልኩ። በማግስቱ መጣ። ወንበር ስቤለት ተቀመጠ። ፎቶውን ከግድግዳ አውርጄ ጭኔ ላይ አቅፌው ነበር። «ማይ ዶተር» አልኩት፤ ልጄ ናት ማለቴ ነው።

ለምን እንደካድኳት ጠየቀኝ። ለልጄም ነግሬያት የማላውቀውን ነገርኩት። ትንሽ ልጅ ሳለሁ የቀበሌ ሰዎች ቤታችን መጥተው ወንድሜን ጠየቁ። እናቴ «አለ፣ ግቡ» ብላ ወንበር አቀረበችላቸው። ለስብሰባ ነው ብለው ወሰዱት። ለውትድርና ኖሯል፤ በዚያው ቀረ። እናቴ እስክትሞት ድረስ «ምነው የለም ባልኩ» ትል ነበር።

ሰውየው ያልኩትን ጻፈ። ከዚያ ስለ ልጄ ጠየቀኝ፤ ትጠጣለች ወይ፣ ከማን ጋር ትውላለች፣ ቃሏን ትጠብቃለች ወይ። ሁሉንም እንዳለ መለስኩ። መጨረሻ ላይ፣ «እርስዎ ለዚህ ሥራ ትሆናለች ይላሉ?» አለኝ።

አንዲት «ኖ» ብቻ ትበቃኝ ነበር። ልጄ ፒዮሪያ ላይ ቢሮዋን ትከፍታለች፤ አንድም ሌባ ስሟን አያውቅም። ያልኩትን ማንም አይነግራትም። እሱ ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል። እሷ ጭኔ ላይ፣ ከነቆቧ፣ ትስቃለች።

«የስ» አልኩት። «ትሆናለች።»

ሥራውን ትግባ አትግባ እስከዛሬ መልስ አልመጣም። ያን ቀን ሰውየውን ሸኝቼ በሩን ቆለፍኩና ወንበሩን ወደ ቦታው ልመልስ ጎንበስ አልኩ። መደገፊያውን እንደያዝኩ እናቴ ትዝ አለችኝ። ወንበሩን ያቀረብኩለት እኔው ነኝ።