ስምንት ዙር ወይስ አሥራ ሁለት

የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ይጨቃጨቃል። የጭቅጭቁ ምክንያት ባሕር ማዶ ያለ አንድ ትልቅ የመጫወቻ ፓርክ ኩባንያ ነው። ሥራ አስኪያጁ ይነሳ ወይስ ይቆይ፤ የመግቢያው ዋጋ ከሚገኘው ደስታ ጋር ይመጣጠናል ወይ፤ ለከርሞ የሚተከለው አዲስ መጫወቻ የድሮውን ቦታ መውሰድ ነበረበት ወይ። ልጁ እዚያ ፓርክ ረግጦ አያውቅም፤ የሚረግጥም አይመስለኝም። እናቱ "ምከረው እንጂ!" ትለኛለች። ይህ በሽታ እኔም ነበረብኝ። የያዘኝ አሰብ ላይ ነው።

አሰብ የተመደብኩት በደርግ ጊዜ፣ ከደሴ፣ በመምህርነት ነው። ወደዚያ ለሚመደብ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው ስለ ሙቀቱ ነበር። የተነገረኝ ሁሉ እውነት ሆኖ ስላገኘሁት አልደግመውም። ያልተነገረኝ ከተማዋ በቀን ሁለት ጊዜ እንደምትነጋ ነው። አንዴ እንደ ሌላው አገር በጠዋት፤ ሁለተኛ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ተዘግቶ የዋለው በርና መስኮት ሲከፈት፣ ሰው ታጥቦ፣ ሽርጡን አገልድሞ ወይም ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወደ ባሕሩ ሲወርድ። በዚህ በሁለተኛው ንጋት የሚኬድበት ቦታ መናፈሻው ነበር።

መናፈሻ ሲባል ጥላና ሣር ለሚታየው አንባቢ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእኛው መናፈሻ ሦስት ዘንባባ፣ ሁለት ዥዋዥዌና አንድ የመናዊ ሻይ የሚያፈላበት ዳስ ነበረው። መሀሉ ላይ ደግሞ በሞተር የሚዞረው መጫወቻ ቆሟል፤ ክብ የእንጨት ወለል፣ ከላይ ጃንጥላ የመሰለ የቆርቆሮ ጣራ፣ ወለሉ ላይ አምስት የእንጨት ፈረሶችና አንዲት ግመል። አስመራ ያደጉት "ጆስትራ" ይሉታል። እኛ ከመሀል አገር የመጣነው ስም ስላልነበረን "ፈረሶቹ" እንለው ነበር። ጣሊያን ሲያመጣው ስድስቱም ፈረስ ነበሩ ይባላል። አንዱ ሲሰበር ጀልባ የሚሠራ አናጢ በምትኩ ግመል ቀረጸ። አንገቷ ትንሽ የጀልባ አፍንጫ ይመስላል። ልጆቹ ግን አምስቱን ቆንጆ ፈረሶች ትተው ለእሷ ነበር የሚሰለፉት።

የሚያዞሯቸው ሐጂ ነበሩ። ሐጂ የተባሉት መካ ደርሰው አይደለም፤ በወጣትነታቸው በጀልባ የመን እስካለችው ሆዴይዳ ሄደው ስለተመለሱ "ግማሹን መንገድ ሄደዋል" ብሎ የከተማው ሰው የሰጣቸው ማዕረግ ነው። እሳቸውም አልመለሱትም። አፋር ናቸው፤ ወንድሞቻቸው ደባይሲማ በኩል ግመል ያረባሉ። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጆቻቸው ባሕር ተሻግረው ቀርተዋል። "ወንድሞቼ የዚያን አረቡ፣ ለእኔ እነዚህ ስድስቱ ደረሱኝ" ይሉና የግመሏን አንገት መታ መታ ያደርጋሉ። በየቀኑ፣ ሰው ሳይመጣ፣ ከባሕሩ የሚመጣውን ጨው በጋዝ በራሰ ጨርቅ ይጠርጋሉ፤ መሽከርከሪያውን ግራሶ ይቀባሉ። በበዓልም፣ በዓርብም።

"ዛሬ እንኳ ቢያርፉ ምናለ?" አንድ ዓርብ ብላቸው፣

"ጨው ዓርብ የለውም፣ ኡስታዝ" አሉኝ።

ዙሩ ሲያልቅ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። ልጆቹ ያንን ሲያዩ አጥብቀው ይይዛሉ፤ ከዚያ ነው ሞተሩ የሚጠፋው። እጃቸው ሳይነሳ ሞተሩ የቆመበት ቀን አላውቅም።

እኛ የመናፈሻው ደጋፊዎች አራት ነበርን። እኔ፤ ወደብ ላይ ክሬን የሚነዳ አስመራ ያደገ ሰው፤ ስልክ ቤት የምትሠራ ምላሷ የሰላ ሴት፤ አራተኛው ደግሞ የመናፈሻው ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ቀን ቀን ግምጃ ቤት ጠባቂ የሆነ፣ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ማስታወሻ ደብተር የሚይዝ ሰው። ከአራታችን አንዳችንም ፈረሶቹ ላይ ወጥተን አናውቅም። ልጅ የነበረው ሊቀመንበሩ ብቻ ነው፤ የአምስት ዓመት ሴት ልጅ፣ የግመሏ ደንበኛ። ይህ ግን አስተያየት ከመስጠት አላገደንም። የየመናዊው ዳስ ሥር ተቀምጠን፣ በወተት የተፈላ ሻይ ይዘን፣ ያንን ስድስት እንስሳ ያለው ድርጅት እንደ መንግሥት እንመረምረው ነበር።

"በድሮው ሊቀመንበር ጊዜ አንድ ቲኬት አሥራ ሁለት ዙር ነበር" ይጀምራል ክሬን ነጂው። "አሁን ስምንት። አራቱን ዙር ማን በላው?"

"ማንም አልበላውም፣ ጓድ። ሞተሩ እንዲያርፍ ነው" ይላል ሊቀመንበሩ።

"እሰይ! ሞተሩ አርፎ ልጆቹ ያልቅሱ" ትላለች ስልከኛዋ። "እኔ እንኳ ደሴን ለማገናኘት ከስምንት በላይ አዞራለሁ፤ ያውም በእጄ።"

"የድሮው ሊቀመንበር ሞተሩን ሊያቃጥለው ነበር እኮ!"

"አቃጠለው? አላቃጠለውም። ሰውየው ልብ ነበረው።"

"ሰውየው ሒሳብ አልነበረውም።"

ከዚያ ወደ ወደፊቱ እንገባለን። ክሬን ነጂው ልጆችን ባሕር ላይ የምታዞር የሞተር ጀልባ ይፈልጋል። ስልከኛዋ ፊልም የሚታይበት ነጭ ግድግዳ ትፈልጋለች። ሊቀመንበሩ ግን አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄዶ አንድ ነገር አይቶ መጥቷል፤ ወደ ሰማይ የሚረጭ የውሃ ፏፏቴ።

"የሚጠጣ ውሃ በበርሜል በሚገዛበት ከተማ?" አለችው ስልከኛዋ።

"ባሕሩን ማን ከለከለን?"

"ሞተሩንስ ከየት ታመጣለህ?" አለ ክሬን ነጂው።

ሊቀመንበሩ ወደ ፈረሶቹ ተመለከተ። መናፈሻው ያለው ሞተር አንድ ብቻ ነበር።

ሐጂ ወሬውን ሰምተው ኖሯል፣ ስወጣ ጠሩኝ። አማርኛቸው ለገበያና ለሰላምታ በቂ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ያንከራትታቸዋል። "ኡስታዝ፣ ከብቶቼን ሊያርዷቸው ነው?" አሉኝ።

"እኛ እያለን? በጭራሽ!" አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

ሦስት ሳምንት ያህል ተከራከርን። በመጨረሻ የማይጠበቅ ነገር ሆነ፤ ተስማማን። ክሬን ነጂው ጀልባውን ተወ፣ ስልከኛዋ ግድግዳዋን ተወች፣ ሁለቱም ፈረሶቹ ይቆዩ አሉ። ሊቀመንበሩም ልጁን ግመሏ ላይ እያየ "እስቲ ይቆዩ፤ ፏፏቴውን ለከርሞ እናየዋለን" እስከ ማለት ደረሰ። እዚያ ላይ ሻዬን ጠጥቼ ወደ ቤቴ መሄድ ነበረብኝ።

ግን ሁሉም ሲስማማ እኔን ያመኛል። ተማሪ ሳለሁም እንዲሁ ነበርኩ፤ አሁንም ከሞላ ጎደል እንዲሁ ነኝ። ተነሳሁና የዘመኑን የስብሰባ ድምፅ አውጥቼ፣ "ጓዶች!" አልኩ። "ይህ መሣሪያ ከመነሻው ብንመረምረው፣ ተሳፋሪውን ካሳፈረበት ቦታ መልሶ የሚያወርድ፣ የጭቁኑን ልጅ አንዲት ስንዝር ወደፊት የማያራምድ፣ በጌጥ አታልሎ ባለበት የሚያዞር የአድኃሪያን ቅሪት ነው። ፏፏቴው ግን ተመልከቱ፣ ወደ ላይ ነው የሚወጣው!"

ክሬን ነጂው ጠረጴዛውን ደበደበ። ስልከኛዋ ሻዩ በአፍንጫዋ እስኪወጣ ሳቀች። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ደብተሩን አወጣ።

"ድገምልኝ፣ ጓድ መምህር። 'ከመነሻው' ከሚለው።"

የሚጽፍ ሰው ቃሉ ሲገለበጥለት እንዴት እንደሚሆን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ደገምኩለት። እንዲያውም አሻሻልኩት፤ "በባዕድ እጅ የተቀረጸ" የሚል ጨመርኩበት።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት የቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ነበር። ቀሪ ምልክት ይደረግበታልና ሰው ሁሉ መጥቷል። ሐጂ ከኋላ በሩ አጠገብ፣ ነፋስ የሚገባበት ቦታ ተቀምጠዋል። ሌላ ሌላው አጀንዳ አለቀና ሊቀመንበሩ ተነሳ፤ "መናፈሻችንን በሚመለከት ከሰፊው ሕዝብ የተሰበሰበ አስተያየት" ብሎ ደብተሩን ገለጠ። ሰፊው ሕዝብ እኔ ነበርኩ። አንድም ቃል አላስቀረም፤ "በባዕድ እጅ የተቀረጸ" ሲል ድምፁን ከፍ አደረገ። ሰውየው ተንኮለኛ እንዳልነበረ ዛሬም እምላለሁ። ፏፏቴውን ይወድ ነበር፤ ለሚወደው ነገር ምክንያት አጥቶ ቆይቶ ምክንያት ሲያገኝ፣ ያውም ከመምህር፣ ያውም እንደዚያ ካማረ፣ ምን ያድርግ?

"ተቃውሞ ያለው?" አለ።

በዚያ ጊዜ ስብሰባ ያልተቀመጠ ሰው ይህን ጥያቄ ጥያቄ ሊመስለው ይችላል። "ጓዶች፣ ስቀልድ ነበር" ብዬ መነሳት እችል ነበር። ግን የቀለድኩት በፈረሶቹ ሳይሆን በአዳራሹ ቋንቋ ነበር፤ ያንን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ማስረዳት ደግሞ ቀልዱን ከማውራት የባሰ ድፍረት ይጠይቃል። ስልከኛዋ ዞር ብላ አየችኝ። ክሬን ነጂው ጫማውን ማየት ጀመረ።

"የሚደግፍ?"

በሕይወቴ ከማንም ጋር መስማማት የማልወደው ሰውዬ እጄን አወጣሁ። አዳራሹ ሁሉ አወጣ። በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ስንወጣ ሐጂ በሩ ላይ ይጠብቁኝ ነበር። "ምን ተባለ፣ ኡስታዝ? የከብቶቼ ነገር ነበር?"

ነገርኳቸው። ሞተሩ ለፏፏቴው እንደሚወሰድ፣ ፈረሶቹ መኪና ሲገኝ ተነቅለው ብረታቸው ለቁርጥራጭ እንደሚሰጥ። 

"እኔም እጄን አውጥቻለሁ" አሉ። "ቋንቋው ፈጠነብኝ። አንተን አየሁ፣ እጅህን አወጣህ። የተማረ ነው፣ ያውቃል፣ ለከብቶቼ ክፉ አያስብም ብዬ አወጣሁ።"

አነጋገራቸው ወቀሳ አልነበረበትም። ወቀሳ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።  "ይቅርታ" እንኳ አላልኩም።

ሞተሩ በዚያው ሳምንት ተነሳ። ፏፏቴው መግቢያው በር አጠገብ ተሠራና ሊመረቅ በደማቅ ወረቀት ተሸለመ። በምረቃው ቀን ውሃው በእርግጥም ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ የአሰብ ነፋስ ተቀበለውና የፊተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡትን እንግዶች በጨው አጠባቸው። ሁለተኛው ወር ላይ ቧንቧው በጨው ታፈነ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተሩ አንዴ ጮኾ ዝም አለ፤ ሲከፈት ውስጡ በዝገት ቀልቷል። ሐጂ ሄደው ሬሳውን አዩ። እጃቸውን ብረቱ ላይ አድርገው ቆዩና፣ "ማንም አልቀባውም" ብቻ አሉ።

እኔ መናፈሻው መሄድ ትቼ ነበር። አንድ ቀን ግን ተማሪዎች ፈተና ላይ አስቀምጬ በመስኮት ሳይ፣ ሐጂ ፀሐይ ላይ፣ ጨርቃቸውን ይዘው ወደዚያ ሲወርዱ አየኋቸው። ስጨርስ ተከተልኳቸው። ሞተር የሌላቸውን ፈረሶች ይጠርጋሉ። መሽከርከሪያው በግራሶ ያብረቀርቃል። ቁርጥራጩን የሚያነሳው መኪና አልመጣም ነበር፤ ያ መኪና እኔ አሰብን እስክለቅ ድረስ አልመጣም።

"እስካሁን ይቀቡታል?"

"ጨው ዓርብ የለውም አላልኩህም?"

የጀልባ መቅዘፊያ አምጥተው ከወለሉ ጠርዝ ጋር በገመድ አስረውታል፤ ጫፉ ወደ ውጭ ወጥቶ ሰው የሚይዘው ቁመት ላይ ነው። አየሁት። እሳቸውም እንዳየሁት አዩ።

"እኔ ሸምግያለሁ" አሉ። "ያንተ ትከሻ ግን ደህና ነው።"

ሸሚዜን አወለቅኩና ገፋሁ። መጀመሪያ አልነቃነቅ አለኝ፤ ከዚያ ወለሉ አቃሰተና ተንቀሳቀሰ። ልጆች ከየት እንደመጡ አላውቅም፤ ከመቅጽበት ግመሏ ዘንድ ሰልፍ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ የጭቁኑን ልጅ አንዲት ስንዝር ወደፊት ሳላራምድ ባለበት ሳዞር ከረምኩ። ስልከኛዋ በምታልፍበት ጊዜ ሁሉ "አድኃሪ!" ትለኛለች። ክሬን ነጂው አንዳንዴ ይተካኛል፤ ሁለት ዙር ገፍቶ ወገቤን ይላል።

በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ሊቀመንበሩ ልጁን ይዞ መጣ። ከሩቅ ቆሞ አየን። ውሳኔ ተጥሷል ሊል ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። ልጅቷ እጁን ለቃ ሮጠች፤ ሐጂ አንስተው ግመሏ ላይ አስቀመጧት።

ሊቀመንበሩ ቀስ ብሎ ቀረበ። ፏፏቴውን የሚያክል ነገር በሁለታችን መካከል ነበር፤ አንዳችንም አላነሳነው። "ስንት ዙር ነው?" አለ፣ እንደ ማንኛውም አባት።

"ኡስታዝ እስኪደክመው" አሉት ሐጂ።

ገፋሁ። መርከቦቹ፣ ዘንባባዎቹ፣ የየመናዊው ዳስ፣ የሊቀመንበሩ ፊት፣ ደግሞ መርከቦቹ። ሊቀመንበሩ ሳያስበው በከንፈሩ ይቆጥር ነበር። ስምንት ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ሐጂን አየ። ሐጂ ባሕሩን ያዩ ነበር። ዘጠኝ፣ አሥር። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለኛል፤ መዳፌ ተልጧል፤ ልጅቷ ከላይ በአፋርኛ ይሁን በአማርኛ የማይለይ ነገር ትጮኻለች። አሥራ ሁለት ላይ ሐጂ ቀኝ እጃቸውን አነሱ። ልጆቹ አጥብቀው ያዙ፤ እኔም ቆምኩ።