አሥር አለቃ ወልደተንሣኤ እና ሳይጠነጠን የቀረው ፊልም

አሥር አለቃ ወልደተንሣኤ ኮሪያ ዘምቶ ሲመለስ ይዞት የመጣው ሀብት አንድ ታጣፊ ካሜራ ነው። ጃፓኖች በዓለም ጦርነቱ ዘመን የሠሩት፣ ሲከፍቱት እንደ ወናፍ የሚዘረጋ፣ ሲያጥፉት ኮት ኪስ የሚገባ። በዚያች ካሜራ ሠላሳ ዓመት ደብረ ብርሃንን ፎቶ ሲያነሣ «አበላሸ» ተብሎ አያውቅም። ይህንንም ራሱ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ላገኘው ሁሉ ይናገራል።

በ1977 ዓ.ም. አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ፎቶ ሊነሡ መጡ። ካሜራዋ አንዱን አንሥተው ፊልሙን በእጅ ካላጠነጠኑላት ቀጣዩን እዚያው ላይ ትደርበዋለች። ወልደተንሣኤም ባነሣ ቁጥር ግራ እጁ ሳያዘው ወደ ማጠንጠኛው ይሄዳል። የዚያን ዕለት ግን ሊቀመንበሩ ልክ ፎቶ እንደተነሡ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ ግራ እጃቸውን ጨብጠው «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!» አሉ። ማን እጁን አውርዶ ይቆማል? የወልደተንሣኤም ግራ እጅ መንገዱን ትቶ ወደ ላይ ወጣ።

እሳቸው እንደወጡ እመት ወለተሐና አንድ ልጃቸውን ዘርአ ዳዊትን ይዘው ከጎረቤላ ደረሱ። ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ በማግስቱ ይሄዳል።

«መልኩ እንኳ ይቅርልኝ ብዬ ነው» አሉ።

ፊልሙ ሲታጠብ በልጁ ፊት ላይ የሊቀመንበሩ ጢም በቅሏል። ወልደተንሣኤ መጀመሪያ ሳቀ፤ ወዲያው ልጁ መሄዱ ትዝ አለውና አፈረ። ሲመጡ ለእናቲቱ ሳያድበሰብስ ነገራቸው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እመት። ያለበት ድረስ ሄጄ አነሣዋለሁ።»

ሄደም። የማሠልጠኛው ዘበኛ ካሜራ ክልክል ነው ቢለው የኮሪያ ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ አድርጎ በሩ ላይ ቁጭ አለ። በሦስተኛው ቀን አንድ መቶ አለቃ ሰልችቶት «አንድ ብቻ» አለው። አንድ በቃው። ልጁ ፀጉሩን ተላጭቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጥርት ያለ ሥራ ነው።

ጎረቤላ ድረስ ራሱ ወሰደላቸው። ሲያመሰግኑት የሚመልሰውን ሁሉ በመንገድ አዘጋጅቷል። እመት ወለተሐና ፎቶውን አንዴ አዩት፣ ሳሙት፣ ብብታቸው ውስጥ ከተቱትና መደቡን አሳዩት።

«ይቀመጡ። እርስዎ በዓይንዎ አይተውታል። ከስቷል? ይበላል? ድምፁ እንዴት ነው?»

ልጁን ያየው አምስት ደቂቃ ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ነገራቸው።